ይመለስ የሚለው ቀስት

ዮዲት ሥራዋን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከክብ ነበር። ነጩ ሰሌዳ ላይ በግራ በኩል ትንሽ ክብ ትስላለች፣ ከክቧ ቀስት ታወጣለች፣ ቀስቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሥራ ይጻፋል፤ ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ደግሞ አልማዝ የመሰለ ቅርጽ ትስልና «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ቀስቶች ታወጣለታለች፤ እንዲህ እያለ ሥራው በቀኝ በኩል ወፍራም ክብ ላይ ያልቃል። የትም አገር ያለ የሙያው ሰው ይህን ሥዕል አይቶ ይረዳዋል። ባንክ ውስጥ ሠርታበታለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ሠርታበታለች፤ ከሞጆ ወጣ ብሎ ወዳለ ቆዳ ፋብሪካ አሠራር እንድታሻሽል ስትላክም አዲስ የሆነባት ሽታው ብቻ ነበር።

ለሽታው ግን ቅርጽ አልነበራትም። ጨው የበላው ጥሬ ቆዳ፣ ከሥሩ ያልተፋቀ ሥጋና ሞራ፣ የረጋ ደም፣ ኖራ፣ ከሁሉም በላይ ፀጉር ከሚያራግፈው መድኃኒት የሚነሣው የገማ እንቁላል ሽታ አንድ ላይ ተቦክቶ ገና ከበሩ ውጭ ይቀበላትና በአፍንጫዋ አልፎ ምላሷ ላይ ይቀመጣል፤ ምሳ ላይ ዳቦ ስትቆርስ ዳቦው እሱን እሱን ይላታል፣ ውሃ ስትጠጣም ያው ነው። አስጠላት። ከልቧ አስጠላት። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል፤ ሆቴሏ ስትገባ ክንዷንና አንገቷን በሎሚ እየፈተገች «ናሆም፣ እንዲህ እየገማሁ ልታገባኝ ነው?» ትለዋለች እጮኛዋን በስልክ፣ እሱም ይስቃል። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ፣ ንጹሕ ገላ ይዛ አዲስ አበባ መመለስ።

ሆኖም አሠራሯን አታጓድልም። ሥራን ለማወቅ ሠራተኛውን ከመጠየቅ ዕቃውን መከተል ይሻላል ብላ ታምናለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከልብስ መቀየሪያው በኩል ባለው በር ሲገቡ እሷ በየቀኑ የምትገባው በጥሬ ቆዳው በር ነበር፤ ቆዳው ከመኪና ወርዶ በሚገባበት ገብታ፣ የጨውን ክፍል፣ መዘፍዘፊያውን፣ የኖራውን ጉድጓድና የሚሽከረከሩትን ግዙፍ የእንጨት በርሜሎች አልፋ፣ ያለቀለት ቆዳ ደረጃ በሚወጣለት ክፍል በኩል ትወጣለች።

በጥሬ ቆዳው በር ላይ ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በሚገባው ቆዳ ሁሉ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፉና «ይግባ» ይላሉ። ዮዲትን ሲያዩ ደግሞ እጇን ይዘው፣ የእጇን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አድርገው፣ ወደ ውስጥ ዞረው «ሰው ናት!» ብለው ይጮኻሉ። ከጨለማው ውስጥ፣ ከበርሜሎቹ ጉርምርምታና ውስጣቸው ዱብ ዱብ ከሚለው እርጥብ ቆዳ ድምፅ መሀል፣ «ሰው ናት!» ብለው የሚመልሱ የወንዶች ድምፆች ይሰማሉ። ከዚያ ትገባለች። በዚያ በር ያለፈ ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር፣ እንዲህ እየተባለለት ነበር የሚገባው። የሽማግሌው መዳፍ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ጥፍራቸው ሥር ሞራ አለ፤ ዮዲት በተነካች ቁጥር እጇን በእርጥብ ሶፍት ጠርጋ ሶፍቱን በሁለት ጣት ይዛ ትጥለዋለች።

ሥዕሉ ላይ ይህ ሥራ አልማዝ ሆነ። አንደኛው ቀስት «ይግባ»፣ ሁለተኛው «ይመለስ»።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ይመለስ ያሉት ነገር ኖሮ ያውቃል?» አለቻቸው።

«ኧረ የለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ይነካሉ?»

«እኔ እንጃ። ከኔ በፊት የነበረውም ይነካ ነበር።»

«አይ» የማያውቅ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። ቆዳው በር ላይ ተሰልፎ እጅ ሲጠብቅ ይውላል፣ ጊዜ ይባክናል። ዮዲት አልማዙን አጠፋችው፤ ከመኪናው እስከ ጨዉ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ቀስት ዘረጋች። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር መኩሪያ ሥዕሉን አይተው «ለውጥ ማለት ይህ ነው!» ብለው አጨበጨቡ፤ ጋሽ ዳምጠውም ወደ አትክልት ውሃ ማጠጣት ተዛወሩ። ሽማግሌው አልተቆጡም። በርጩማቸውን አንሥተው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ» አሉና፣ ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ዞረው «ነገ በሠራተኛው በር ግቢ፣ እሺ?» አሏት። እሺ አላለችም። ያሳጠረችውን መንገድ ራሷ ሄዳ ማየት ነበረባት።

በማግስቱ ስትገባ ማንም አልጮኸም። ጨለማው ያው ነው፣ ዱብ ዱቡ ያው ነው፤ ብቻ ሰዎቹ ዞር አላሉም። ጨው የሚበትነው ሰውዬ አካፋውን ሞልቶ እግሯ ላይ ደፋው፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ። «ኧረ ተው! ምን ነካህ?» አለችው። ትላንት አብሯት ሲቀልድ የዋለ ሰው ነው። ዓይኑ ፊቷን አልፈለገም፤ አንገቷን አየ፣ ጎኗን አየ፣ ጨው ያልነካው ቦታ የቀረ እንደሆነ አየና ሌላ አካፋ ዛቀ። ለኢንጂነሩ ነገረቻቸው፤ እሳቸው «ሽማግሌው ስለተነሡ አኩርፈው ነው፣ ይለምዱታል» ብለው ሳቁ። ግቢው ውስጥ ጨው ያመጣው የጭነት መኪና በሩ እንደተከፈተ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሒሳብ ሊቀበል በጥሬው በር ገብቶ እንዳልወጣ ዘበኛው እያማረረ ነበር።

ማታ ገላዋ አሳከካት። በሚቀጥለው ቀን መዘፍዘፊያው ጋ የውሃ ጎማ ተለቀቀባት፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ቡናማ፣ የሌላ ቆዳ እድፍ ያለበት ነው፤ አፏ ውስጥ ገባ፣ ዋጠችው። በትር ይዞ የቆመው ሰው፣ ክፋት በሌለው እጅ፣ ወገቧን ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው ክፍል አሳለፋት። ሆቴል ገብታ ፀጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው አልቆመም፤ ፀጉሯ ከነሥሩ፣ ከነነጭ ንፍጥ መሳዩ፣ እፍኝ እፍኝ እያለ ወረደ። ጮኸች። ናሆም ጋ ልትደውል ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች፤ ስልኩ አላወቃትም። ጣቶቿን መብራት ሥር አየቻቸው፤ አሻራ የሚባል መስመር አልቀረባቸውም፣ እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆነዋል።

እንግዲህ መሸሽ ነበረባት፤ ሻንጣዋንም ዘግታ ነበር። ሆኖም ሲነጋ የሆቴሉ አንሶላ የሳሙና ሽታ አንገሸገሻት፣ ቁርስ ያቀረበችው ልጅ ሽቶ አስመለሳት፣ ደጅ ስትወጣ ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ያመጣው ሽታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። በዚህ ራሷን ተጸየፈች። ጥቂት ሰዓት ለማትረፍ ያጠፋችውን አልማዝ አሰበች፤ ቆዳ ተወደደ ብሎ በሬውን ያረደ ሰው የሚሰማው ይሄ መሆን አለበት። አልማዙን ሥዕሉ ላይ መልሼ፣ ሽማግሌውን አስመልሼ እሄዳለሁ ብላ ለራሷ ማለች፤ ይህን እያለች እግሯ የወሰዳት ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ ጥሬው በር ነበር።

ከገባች በኋላ ነው ልብ ያለችው። ዞረች። በሩን ከመኪና የሚራገፈው ቆዳ ዘግቶታል፤ አዲሱ መንገድ ፈጣን ነበር፣ እሷው እንዳሰበችው፤ አንዱ ቆዳ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል፣ ወደኋላ የሚያልፍ ነገር ቦታ የለውም። «ሰው ነኝ!» ብላ ጮኸች። በርሜሎቹ አጉረመረሙ። የሚመልስላት አልነበረም። በትሩ መጣ፣ ወገቧን ገፋ፣ በኖራው ውስጥ አሳለፋት፤ የሚያቃጥል ነገር ጠብቃ ነበር፣ የተሰማት ግን አንድ ጠባብ ልብስ ከላይዋ ሲላላ ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ፣ በበርሜሉ መድኃኒት ሰማያዊ ሆኖ የወጣው እርጥብ ቆዳ በተንጠለጠለበት መስመር ላይ፣ ከፍየል ቆዳዎቹ መሀል አንድ ቀጭንና ረዘም ያለ ነበር፤ መሀሉ ላይ የተቋጠረች እንብርት አየች፣ ከዚያ በላይ ግን አላየችም፤ ዓይኗን መለሰች። ደጅ፣ የጨው ሾፌሩ መኪና በር አሁንም ክፍቱን ነበር።

ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ብርሃን አለው። ትልቅ መስኮት፣ ሰፊ ጠረጴዛ። ደረጃ አውጪዋ ስመኝ ምሳ አብራት የበላች፣ ስለ ሰርጉ ቬሎ ያወራቻት፣ ወዳጇ ነበረች። ዮዲት ጠረጴዛው ላይ ሆና ከታች ወደ ላይ አየቻት፤ የስመኝ ላብ፣ የቅባቷ ሽታ፣ ከአፏ የሚወጣው የሽሮ ትንፋሽ፣ የሕያው ሰው ሙቀት ሁሉ ሽቅብ እስኪላት ድረስ አስጠላት። ስመኝ መዳፏን በቀስታ ከትከሻ ወደ ክንድ አንሸራተተች፣ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አለች፣ አውራ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ሁለተኛ ደረጃ» አለች ከኋላዋ ለቆመው መዝጋቢ። «ክንዱ ላይ ጠባሳ አለበት።»

ዮዲት የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበች። ስሟን ልትናገር፣ የናሆምን ስም ልትጠራ፣ ሰው ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምፅም ወጣላት።

«ጠባሳ አይደለም፣ የክትባት ምልክት ነው» አለች ተቆጥታ፤ «አንደኛ ደረጃ ነኝ።»