ከዜሮ በታች ሠላሳ

በ2010 ፌብሩዋሪ፣ የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በበረዶ በተቀበረችበት ሰሞን፣ ዶክተር ኦላና ከአርክቲክ የመጡ የአፈርና የበረዶ ናሙናዎች በሚቀመጡበት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ በብረት ተቀርቅሮ ነበር።

መርማሪ የዓለምዘርፍ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ረፋዱ ላይ በእግሯ ደረሰች። ሌላ ፖሊስ መንገዱ እስኪጠረግ አይመጣም። ላቦራቶሪው ውስጥ ያደሩት ሦስት ሰዎችም መውጫ የላቸውም፤ አስከሬኑን መሀል አድርገው ተፋጠዋል።

የማቀዝቀዣው ሠራተኛ ጋሽ ገላው ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። ከሟቹ ኪስ የወጣው ወረቀት በሰማያዊ ቀለም፣ ጥርት ባለ ጽሕፈት፣ «ገላው ቆለፈብኝ» ይላል። ይህ ካልተስተባበለ ቀሪ ዕድሜያቸው እስር ቤት ማለቁ ነው።

«ማን አገኘው?» አለች የዓለምዘርፍ።

«እኔ» አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ታዴዎስ። «ብቻዬን ስፈልገው ነው ያገኘሁት። ወዲያው 911 ኮል አደረግኩ።»

«ፍሪዘሩ ውስጥ ይሠራሉ?»

«ኧረ እኔ! የኔ ሥራ ቢሮ ነው።»

ተመራማሪዋ ቤዛዊት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ጋሽ ገላውና ኦላና ትናንት በሥራ ሺፍት ተጨቃጭቀዋል፣ እውነት ነው» አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ዶክተር ታዴዎስ አላስካ ውስጥ መሬቱ ጠንካራ ነው ብሎ ፈርሞ፣ ትምህርት ቤት ተሠርቶበታል። ኦላና ናሙናውን ሲያየው፣ አፈሩን የያዘው በረዶ እየቀለጠ ነው። ሕንፃው ይሰምጣል። ዛሬ ሪፖርት ሊያደርግ ነበር።»

የዓለምዘርፍ የማቀዝቀዣውን መዝገቦች አገላበጠች። ሁሉም በእርሳስ የተጻፉ ናቸው።

ከዚያ ሦስቱንም ካፖርት አስለብሳ ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባቻቸውና አብራቸው ገብታ በሩን ዘጋች። ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል አቆመቻቸው። በመጨረሻ ወረቀት አደለችና፣ «ስማችሁን ጻፉልኝ» አለች።

ጋሽ ገላውና ቤዛዊት እርሳስ አወጡ። ታዴዎስ የካፖርቱ ኪስ ላይ የሰካውን እስክሪብቶ መዘዘ። ጫረ፤ እምቢ አለው። አራገፈው፣ እፍ አለበት፣ ደግሞ ጫረ። ጌታው በቀለም ሊጽፍ አሁንም ይታገላል!

«እዚህ ብርድ ውስጥ ቀለም ይረጋል» አለች የዓለምዘርፍ። «ኦላና ቢጽፍ በእርሳስ ነበር፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ የተጻፈው ሙቀት ያለበት ክፍል ነው። ጋሽ ገላው ራሳቸውን አይከሱም። ቤዛዊትም ብርዱ ውስጥ በእርሳስ መጻፍ ስለለመደች ይህን ስሕተት አትሠራም። የቀረው ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ነው፤ አስከሬኑን ብቻውን ያገኘ፣ ወረቀቱን ኪሱ ለመክተት ጊዜ የነበረው።»

ታዴዎስ ወደ በሩ ተንደረደረ። «ክፈቱልኝ! መተንፈስ አቃተኝ!»

«ኦላናም እንዲህ ሳይል አልቀረም» አለች የዓለምዘርፍ። «ሰምተኸዋል?»

ታዴዎስ ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ። «ሰምቼዋለሁ» አለ።

ጋሽ ገላው የቤዛዊትን ክንድ ያዙ። ከእስር መትረፋቸውን ገና በቅጡ አላመኑም።

«የትምህርት ቤቱ ልጆችስ?» አሉ።

የዓለምዘርፍ በሩን ከፈተች፤ ቤዛዊት ወደ ስልኩ ሮጠች። አላስካ ገና ማለዳ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም።