ከፉጨቱ ሥር

«ሻርፕሽን አውልቂ! ማራገቢያው ይወስደዋል!» ጫላቸው ከሞተሩ ጩኸት በላይ ጮኸ።

ሲምቦ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረችና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ቱርቦው ላይ አስደገፈች። እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ጫላቸው እጁ የታወቀ መካኒክ ነው፤ ጆሮው ግን ለዓመታት የከባድ መኪና ሞተር ሲጮህበት ኖሮ ደክሟል። ስለዚህ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትሰማለች፣ እሱ ይፈታል። የጅቡቲው የካርቲየ ሰባት ሰፈር ሹፌሮች «ልጅቷን ጥራት» ማለት ለምደዋል። ይሄ ሁሉ ነገር በአንዲት ልጅ ጆሮ ላይ መጫን አለበት ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

«ምን ይላል?»

«ያፏጫል። ነዳጅ ሲሰጠው ይብስበታል። ግን ቱርቦው ራሱ አይመስለኝም አባባ፤ ከሱ የሚወጣው የጎማ ቱቦ ነው። አየር እያመለጠው ነው።»

የላንድክሩዘር ፒክአፑ ባለቤት ጅብሪል በመስኮቱ ብቅ አለ። «ዋላሂ፣ ይቺ ልጅ ዶክተር ናት! ቱርቦው ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ!»

ሞተሩ ጠፋ። አባቷ የቱቦውን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ሲል፣ ሲምቦ በኩባያ ውሃ ቀድታ ወደ ግንቡ ጥላ ሄደች። ጅብሪል የሚያጓጉዛቸው ልጆች እዚያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከኢትዮጵያ በእግርም በመኪናም ተጉዘው ጅቡቲ የገቡ ናቸው፤ ዛሬ ማታ ኦቦክ ወደብ ከደረሱ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ዳር ላይ የተቀመጠችው ሎሚ የምትባል የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ የሲምቦ እኩያ ትመስላለች።

ሎሚ ውሃውን ግማሽ ጠጥታ የቀረውን አጠገቧ ለተቀመጠው ለጉታ ሰጠችው። «መኪናው ይሄዳል አይደል?»

«ገና እያየነው ነው።»

«ይሄዳል በያቸው፣ እህቴ።» የሲምቦን እጅ ያዘች። «ዛሬ ካልሄድን እዚያ ስንጠብቅ የሰነበትንበት ግቢ ይመልሱናል። በሩን ከውጭ ነው የሚቆልፉት። መስኮት የለውም። ትናንት አንዷ ስታለቅስ አድራ...» የሲምቦን እጅ ወደ ራሷ ሳበች። «እህቴ ጅዳ ናት፤ ትጠብቀኛለች። በናትሽ፣ ደህና ነው በያቸው።»

«ሲምቦ! ነይ ስሚ!»

ሞተሩ ሲነሳ ፉጨቱ የለም። ጅብሪል በደስታ ጥሩምባውን አስጮኸው። ፉጨቱ ሲለቅ ግን ከሥሩ የነበረው ሌላ ድምፅ ወጣ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ሊፈላ እንደተቃረበ ድስት፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ጅብሪል ነዳጅ ሲረግጥ ፈጠነ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ጋርኒሲዮን የሚባለው ማሸጊያ ሲቃጠል፣ የሞተሩ ግፊት ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። እንዲህ ያለ መኪና መሬት ላይ ጠብታ ሳያሳይ ውሃውን ይጨርሳል። ለመጠገን ሞተሩ መከፈት አለበት።

«ሌላስ?» አላት አባቷ።

ሎሚ ከጥላው ውስጥ ዓይኗን ተክላባታለች።

«ሌላ የለም» አለች ሲምቦ።

አባቷ አመናት። ለምን አያምናት? ዋሽታው አታውቅም።

ጅብሪል ወርዶ ከልጆቹ ፊት ያለውን ቢጫ ጀሪካን አነሳ፤ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ከፈተና ውሃውን ገለበጠበት። ራዲያተሩ ብዙ ጠጣ። ልጆቹ ጀሪካኑ ሲጎድል ያያሉ።

«ጋሽ ጅብሪል፣ ያ ውሃ የነሱ የመንገድ ውሃ አይደለም እንዴ?»

«የሁላችንም ነው፣ ሀቢብቲ!» ሳቀ። «መኪናው ካልጠጣ ማንም አይጠጣ! አይደለም እንዴ ጉታ?» ጉታ አልሳቀም።

ከመንገዱ የጫቱ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሰፈሩ እንዳለ ተነቃነቀ፤ ጅብሪልም ጀሪካኑን ጥሎ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሮጠ።

ሲምቦ የአባቷን እጅጌ ሳበች። ወደ ጆሮው ተጠግታ ነገረችው፤ ድምፁንም፣ ውሸቷንም።

ጫላቸው አልተቆጣም። ወደ ራዲያተሩ ሄዶ አጎነበሰ። አረፋው ከውስጥ እየተገላበጠ ይወጣል። ያየውን አይቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመና ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ፣ ደጋግሞ።

«ብነግረው አይሰማኝም። ሌላ ጋራዥ ወስዶ ደህና ነው ያስብለዋል።»

«እነሱስ? መንገድ ላይ ቢቆምስ? ውሃቸውን መኪናው ጠጥቶት...»

«ሲምቦ! እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን። የጅብሪልን ወንድሞች አታውቂያቸውም። አንቺ ከትምህርት ቤት ብቻሽን ነው የምትመለሺ።» ዘወር ብሎ መንገዱን አየ። «እኔ አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም። በቃ።»

እውነቱን ነው፤ አባት ነው፤ ይፈራል። ሲምቦ ግን ከዚህ በፊት አባቷን እንዲህ አይታው አታውቅም፤ አፈረችበት። ከዚያ ደግሞ በማፈሯ አፈረች።

ወደ ሎሚ ሄዳ ቁጢጥ አለች። «ሎሚ፣ ዋሽቻለሁ። መኪናው ደህና አይደለም። በረሃው ላይ ይቆማል።»

ሎሚ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለች። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ።»

«ደህና ነው በይ ነው ያልኩሽ!» ተነሥታ መኪናው ላይ ወጣች፤ የቀሩትም ተከተሏት። ጉታ ብቻ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ሰቅሎ ቆመ።

ጅብሪል ጉንጩን ሞልቶ፣ የጫት እስሩን አቅፎ ተመለሰ። «ያላ! ጫላቸው፣ አላህ ይስጥህ። ዶክተሯ፣ ደህና ነው ብለሻል፤ በአንቺ ጆሮ ነው የምሄደው እንግዲህ!»

የአባቷ እጅ ትከሻዋን ያዘ፤ ጠበቅ አደረገው።

«ደህና አይደለም» አለች ሲምቦ። «ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ውሃቸውን ይጨርስና ይቆማል።»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።

ጅብሪል ማኘኩን አቆመ። ወደ ጫላቸው ዞረ። «ልጅህ ምን እያለች ነው?» ጫላቸው መሬት መሬት አየ። ጅብሪል ምራቁን ተፍቶ ገባና በሩን ዘጋው፤ መኪናውን ማርሽ ውስጥ ሲከተው ሲምቦ ፊት ለፊቱ ቆማለች።

«ዞር በይ፣ አንቺ!» ጥሩምባው ጮኸ።

«ሲምቦ፣ ነይ! ልጄ፣ ነይ!»

«ልቀቂን!» ሎሚ ከላይ እያለቀሰች ነው። «አንቺ ቤት አለሽ! ምን አለብሽ? ልቀቂን!»

ሲምቦ ሁለት መዳፎቿን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ያቃጥላል። አላነሳቻቸውም።