መጽሔት መራጮቹ

ዶክተር ዕፀገነት በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ጆሃንስበርግ መሃል ካለው የኢትዮጵያውያን ገበያ፣ ከጀፕ፣ የደረሰችው ተናዳ ነው። ያናደዳት ደግሞ ገና በዓይኗ ያላየችው ሰው ነበር።

ጀርሚስተን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ የሕፃናት ሐኪም ናት። ጆሃንስበርግና አካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያቋቋሙት ማኅበር አባልም ናት። ማኅበሩ ጥናቶቹንና የሕክምና መመሪያዎቹን ያወጣበት የነበረው የምርምር መጽሔት መታተም ስላቆመ፣ አዲስ ይፋዊ መጽሔት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዶክተር ሀቢሶ ናቸው፤ ሆድ ሲከፍቱ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ነገር መወሰን ግን የሚያስፈራቸው አንጋፋ ቀዶ ሐኪም። ሁለተኛዋ እሷ ናት። ሦስተኛው ምሕረቱ የሚባል የሳንባ ሐኪም ሲሆን፣ የምታውቀው በኢሜይል ብቻ ነው። እሷ ሐሳቧን ዘርዝራ፣ ማስረጃ ደርድራ ትጽፋለች። እሱ ይመልሳል፦ «አልስማማም። ምሕረቱ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት መጽሔቶች ነበሩ። «ትልቁ» የሚሉት አውሮፓ የሚታተመውን ነው፤ ዓለም ያውቀዋል፣ ያልከፈለ ሰው ግን ከፍቶ አያነበውም። «ትንሹ» ናይሮቢ ያሉ ጥቂት ሐኪሞች የሚያዘጋጁት ነው፤ ማንም በስልኩ በነጻ ያነበዋል። እሷ ትንሹን ትፈልጋለች፤ እሱ ትልቁን።

ስብሰባው የተጠራው ጀፕ ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ነበር። እሷ በሕዝቡ መሃል እየተጋፋች ስትሄድ ድንገት ከወዲያ ጫፍ ፉጨት ተሰማ። ፖሊስ ለፍተሻ መጣ ተባለ። የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች እየተንኳኩ ይወርዱ ጀመር። አንዲት መጋረጃ ሻጭ እጇን ያዘችና «ግቢ እቴ፣ ትረገጫለሽ!» ብላ ወደ ውስጥ ሳበቻት። መዝጊያው መሬት ሊነካ ሲል አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሾልኮ ገባ። ስልክ እያወራ ነበር።

«ጀፕ ተዘግቷል ዶክተር ሀቢሶ፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ነኝ... አይ፣ እኔስ እፎይ ብያለሁ። ያቺ ዶክተር ዕፀገነት ኢሜይሏን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላ ትልካለች። በአካል ስትመጣ ደግሞ ምን ያህል እንደምታወራ ያስቡት!»

«የትኛውን ነው አንብበህ ያልጨረስከው?» አለች ዕፀገነት ከመጋረጃዎቹ መሃል።

ሰውየው ዞረ። ስልኩን ከጆሮው አወረደው። ዶክተር ሀቢሶ ከዚያ ውስጥ «ሄሎ? ሄሎ?» ይላሉ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ሁሉንም ጨርሻለሁ። ደግሜም አንብቤያቸዋለሁ።»

«ታዲያ በአንድ መስመር የምትመልስልኝ ለምንድን ነው?»

«አልስማማም ለማለት ስንት መስመር ይፈልጋል?»

«ኤሽ!» አለች፤ የዚህ አገር ሰው ሲመርረው እንደሚለው። ሻጯ ሳቀች። ምሕረቱም ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን አየና ተወው። መዝጊያው እስኪነሳ ድረስ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ሲያዩት ደግሞ ወደ መጋረጃው እየዞረ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ደጋግሞ ተሰበሰበ፤ ምንም ግን አልወሰነም። ዶክተር ሀቢሶ ሁለቱንም አዳምጠው ሲያበቁ መነጽራቸውን ያወልቁና «ጉዳዩ ሰፋ ያለ ጥናት ይፈልጋል» ብለው ይነሳሉ። ማኅበሩ ስለሚያስሉ ሕፃናት ያዘጋጀው መመሪያ አልቆ ተቀምጧል፤ የሚወጣበት መጽሔት ግን የለም። ዕፀገነት መንገዱን ሁሉ እየተነጫነጨች ትመለሳለች። ይበልጥ የሚያበሳጫት ደግሞ ስብሰባ ባለ ቁጥር ከመስታወት ፊት መቆየቷ ነበር። ለማን ብዬ ነው? ትላለች ለራሷ። ለዚያ ባለ አንድ መስመር?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ቀድመው ሲሄዱ ሁለቱ ቀሩ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትቃጠይው?» አላት ምሕረቱ። «መጽሔት እኮ ነው።»

ስኒውን በጣቷ ታዞር ጀመር። ከዚያ ነገረችው። «የማክማት አንዲት ሕፃን ነበረችኝ። የያዛት ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እንዴት እንደሚታከም የጻፈ አንድ ጥናት አገኘሁ። ልከፍተው ስል ተቆልፏል። የኛ ሆስፒታል የዚያ መጽሔት ደንበኛ አይደለም። ውጭ አገር ያለች ጓደኛዬን ለመንኳት። እሷ እስክትልክልኝ...»

አልጨረሰችውም። እሱም አላስጨረሳትም። ለመጀመሪያ ጊዜ «አልስማማም» ሳይል ተለያዩ።

በሳምንቱ «አንድ ቦታ ላሳይሽ» ብሎ ዳቬይተን ወሰዳት። ምሕረቱ የተወለደው ሆሳዕና ከተማ ነው፤ ያደገው ግን እዚህ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሠፈር ውስጥ፣ አጎቱ በከፈቱት ስፓዛ የሚባል ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነው። አክስቱ ወይዘሮ አስካለች አሁንም በብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆመው ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ሳውቦና!» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ዙሉኛው ከአማርኛው ይቀላቸዋል።

ምሕረቱ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፍቶ አሳያት። መስኮት የላትም። ዱቄትና ዘይት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በመሃሉ አንድ አልጋ።

«እዚህ ነው ያደግኩት» አለ። «አጎቴም እዚሁ ነው የታመመው። ጉንፋን ነው ሲል፣ ጉንፋን ነው ሲል ቲቢው ጨረሰው። ሐኪም ስሆን መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ባሉ ክፍሎች ስለሚያድሩ ሰዎች ነው። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ስንቱን ሰው አናገርኩ። ጥናቱ አንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ወጣ። ደጎች ነበሩ፤ ልክ እንደ ናይሮቢዎቹ። ኋላ አዘጋጆቹ ተበተኑ፣ ድረ ገጹም ጠፋ። ዛሬ ያን ጥናት ብትፈልጊው አታገኚውም። ያ ሁሉ ሰው የነገረኝ ነገር አንድም ቦታ የለም።» በሩን መልሶ ዘጋው። «ትንሹ ነገ ቢዘጋስ? ጽሑፎቻችን የት ይቀመጣሉ? የኔ ጥያቄ ይኼ ብቻ ነው።»

 ዕፀገነት መልስ ስታጣ ትቆጣለች።

«ይህን በኢሜይል ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?»

«ከአንድ መስመር ይበልጥብኝ ነበር» አለ፤ ዓይኑን ግን አላነሳም።

ወይዘሮ አስካለች ምግብ አቅርበው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። «የምትጣሉት በጋዜጣ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«መጽሔት ነው አክስቴ።»

«ያው ነው። ብሉ።»

ሲመለሱ መብራት ጠፍቶ የትራፊክ መብራቶቹ አይሠሩም። መኪናው ሁሉ መስቀለኛው ላይ ተቆላልፏል። ዕፀገነት ቀጠለች፤ ተቆልፎ የሚኖር ጥናት ከጠፋ ጥናት በምን ይሻላል፣ ደሃ ሆስፒታልስ ምን ይሁን...

«አግቢኝ» አላት።

«ትልቁን ከመረጥን ግን... ምን አልክ?»

«አግቢኝ።»

«እንዲህ በጭቅጭቅ መሃል ይጠየቃል?»

«የማትናደጂበትን ሰዓት ስጠብቅ ነበር። ሊመጣልኝ አልቻለም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከኋላቸው ጡሩንባ ይጮኻል፤ ሁለቱም አልሰሙትም። አየችው፤ እሱም አያት። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። እሷ ግን ወዲያው ኮስተር አለች።

«ምርጫው ይለፍ። አሁን ብቀበልህ ድምፅህን ያገኘሁበት ይመስላል። ባልቀበልህ የተበቀልኩህ ይመስላል። ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ ጠይቀኝ።»

ለእናቷ ግን ሳትነግር ማደር አልቻለችም። ወይዘሮ ፍሬገነት አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ ዘመናቸውን ጀፕ ብርድ ልብስ ሲያከፋፍሉ ኖረው አሁን አርፈዋል፣ ከጥያቄ ግን አላረፉም።

«የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው?»

«አይደለም እማዬ። ጴንጤ ነው።»

«ሃይማኖትሽን ልትለውጪ?»

«አልለውጥም። እሱም አይለውጥም።»

«ታዲያ እንዴት ሆናችሁ ልትኖሩ ነው?»

«እየተጨቃጨቅን።»

እናትየው ፊታቸውን አዞሩ። እስከ እሑድ ድረስ ከ«ብዪ» እና ከ«በሩን ዝጊ» በቀር አላናገሯትም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እያጠፉ «ይምጣና ልየው» አሉ። «ስላየሁት ወደድኩት ማለት ግን አይደለም።»

የጉባኤው ቀን አባላቱ ጀፕ አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዶክተር ሀቢሶ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉዳዩ ሰፋ ያለ...» ሲሉ አዳራሹ ሁሉ አጉረመረመ።

ዕፀገነት ተነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። መመሪያው ካለቀ ቆየ። ልጆቹ የሚያስሉት እኛ እስክንወስን ጠብቀው አይደለም። ዛሬ ይለቅ።» ከዚያ ስለ ትንሹ ተናገረች፤ ስለተቆለፈው ጥናትና ስለዚያች ሕፃንም። 

ቀጥሎ ተራው የምሕረቱ ነው። ሁሉም ክርክር ጠበቀ። ተነሳ፣ ወደሷ አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዶክተር ዕፀገነት ያለችውን እደግፋለሁ። ትንሹ ይመረጥ» አለና ተቀመጠ።

ጭብጨባ ሆነ። ዶክተር ሀቢሶ ፊታቸው በራ፤ «እንግዲያው ድምፅ መስጠትም ላያስፈልገን ነው!» አሉ። ዕፀገነት መደሰት ነበረባት። ጆሮዋ ግን በንዴት ጋለ። በወንበሮቹ መሃል አልፋ አጠገቡ ደረሰች።

«ና ውጣ» አለችው በሹክሹክታ።

ኮሪደሩ ላይ አፋጠጠችው። «ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ደስ ይልሻል ብዬ ነው።»

«ሐሳብህን ለውጠሃል?»

ወደ አዳራሹ በር ዞረ።

«ለውጠሃል ወይ ነው ያልኩህ!»

«አልለወጥኩም። ግን አንቺን ማሸነፍ አልፈለግኩም።»

«እኔ የተከራከርኩት ለበሽተኞቼ ነው፣ አንተ እንድታባብለኝ አይደለም!» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ያን ሁሉ ሱቅ ዞረህ ያናገርካቸው ሰዎችስ? አጎትህስ? ለኔ ብለህ ነው የምትተዋቸው? ዛሬ ይህን ለኔ ብለህ ከዋጥክ፣ ነገ ቤት ውስጥ ምን ምን እየዋጥክ እንደምትኖር እንዴት አውቃለሁ?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ተመልሳ ገብታ እጇን አወጣች።

«ዶክተር ምሕረቱ ማንሳት ሲገባው ያላነሳው ጥያቄ አለ» አለች። «ትንሹ ነገ ቢዘጋ ጽሑፎቻችን የት ይቀመጣሉ? የሱ ጥናት እንዲህ ሆኖ ጠፍቷል። እኔ አሁንም ትንሹን ነው የምመርጠው። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለኝም፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እወቁት። ቀሪውን ራሱ ይንገራችሁ።»

ምሕረቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም ዞሮ ሲያየው ማምለጫ አጣ። ተናገረ። በአንድ መስመር የሚታወቀው ሰው ስለ ዳቬይተን፣ ስለዚያች መስኮት አልባ ክፍል፣ ስለጠፋው ጥናት እስኪበቃው ተናገረ። ሲጨርስ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ትልቁን ከመረጥን ግን መመሪያዎቻችንን ለሁሉም ሰው በነጻ ካልከፈተ አንፈርም። የዶክተር ዕፀገነት ታካሚ ሕፃን ጥናቱ ተቆልፎባት ነው የሞተችው።»

ክርክሩ ጋለ። እጅ ተቆጠረ። ትልቁ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ምሕረቱ እጁን ያወጣው ለትልቁ ነው፤ ዕፀገነት ለትንሹ።

«ጤነኛ ነሽ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ዶክተር እምነት። «አሸንፈሽ አልነበር እንዴ?»

አሳታሚው ብዙ ካደከማቸው በኋላ መመሪያዎቹን በነጻ ለመክፈት ተስማማ፤ ጥናቶቹ ግን እንደተቆለፉ ቀሩ። ዕፀገነት ስለዚህ ዛሬም ትናደዳለች። ያ ግን ኋላ የመጣ ነው። በዚያ ቀን ከአዳራሹ ወጥታ ጥግ ላይ ቆማ እንባዋን ስትጠርግ ምሕረቱ ደረሰባት። ታክሲዎቹ ጡሩንባ ይነፋሉ፤ ነጋዴዎች የታሰረ ዕቃ በትከሻቸው ተሸክመው «ዞር በሉ!» እያሉ በመሃላቸው ያልፋሉ።

«ተቀየምሽኝ?» አለ።

«አዎ።»

«ስላሸነፍኩሽ?»

«ልትሸነፍልኝ ስለነበር!»

አንገቱን ደፋ። ይህን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው፤ ማወቋም አናደዳት። አንድ ተሸካሚ ሲያልፍ ገፍቷት ወደ ደረቱ ተጠጋች። ወደ ኋላ አልተመለሰችም።

«በል እንግዲህ፣ ጉባኤው አልቋል» አለች። «ያኔ የጠየቅከኝን ድገመው።»

«እዚህ? ታክሲ መሃል?»

«ምሕረቱ!»

«አግቢኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ሥር ድካም ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር በኋላ ድምፁም ሰልሏል።

«አገባሃለሁ» አለች። «ግን ሁለተኛ ለፍቅር ብለህ እንዳትስማማልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ!»