የቅዳሜ ሸክላ

«ሐረግ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሐረገወይን ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ብትስበውም አልዳነችም። የክፍል ጓደኛዋ ሰብለ ወንጌል፣ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ በድስትና በገንቦ ተከባ የተቀመጠችውን የቄስ ልጅ ከሩቅ ለይታታለች።

ይህ ሁሉ የእናቷ የየዓለምወርቅ መላ ነው። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት አባቷ ቄሱ ሲያርፉ፣ እናቷ ምን ልነግድ ብላ ያላወጣችው ያላወረደችው የለም። ጠላ እንዳትጠምቅ፣ የሰካራም ጫጫታ በቄስ ቤት! ጥጥ እንዳትፈትል፣ ፈታዩ ከገዢው በዝቷል። በኋላ ግን ማንም ልብ ያላለውን አየች። ከከተማው አጠገብ ያሉት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤል ስለሆኑ ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው፤ ገበያው በሚደምቅበት ቀን ከቤታቸው አይወጡም። እንግዲያው ዓርብ ከእነሱ ገዝቶ ቅዳሜ የሚሸጥ ሰው ቢኖርስ? ሸጋ ንግድ ነው! ግን ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ አገር፣ ሸክላ ሻጯን ይምራታል እንዴ?

«ምነው እዚህ ተቀመጥሽ?» አለች ሰብለ ወንጌል።

«እኔማ... የሰው ዕቃ ነው። ጠብቂልን ብለውኝ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

«የወለቃዎቹ አይደል? ኧረ እንዳትነኪው፣ ቡዳ ይበላሻል!»

«ማን ይነካዋል? በእግሬ ነው የምገፋው» አለችና እየሳቀች አንገቷ ላይ ጌጥ ያላትን አንዷን ድስት ገፋ አደረገቻት። ድስቷ ተንከባልላ ከድንጋይ ጋር ተጋጨች፤ ለሁለት ተከፈለች። ሰብለ ወንጌል ከት ብላ ስቃ ሄደች።

ሐረገወይን ዞር ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ምነው በተቆጣቻት! እናቷ ግን ስብርባሪውን ለቃቅማ፣ «በይ ቁጭ በይ፣ ገዢ መጣ» ብቻ አለቻት። ሐረገወይን ያን ቀን ቀና ብላ ሰው ማየት አቃታት።

በሚቀጥለው ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀርታ ከእናቷ ጋር ወለቃ ሄደች። ሸክላ ሠሪዋ አምሳል እንደ እምነታቸው ልማድ ከክርስቲያን ጋር ከእጅ ወደ እጅ አትቀባበልም፤ ድስቶቹን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፣ የዓለምወርቅ ታነሣለች። አምሳል የሠራችውን አትረሳም፤ ልጅ እንደ ዳረ ሰው ትጠይቃለች።

«ያች አንገቷ ላይ ጌጥ ያደረግሁባትስ? ማን ቤት ገባች?»

«ጥሩ ቤት ገብታለች» አለች የዓለምወርቅ፣ ዐይኗን ሰበር አድርጋ።

ሐረገወይን እናቷ ስትዋሽ ሰምታ አታውቅም። የራሷ ውሸት ያን ያህል አላቃጠላትም ነበር፤ ይኸኛው ግን አንገበገባት።

«እትዬ አምሳል፣ የትም አልገባችም። እኔ ነኝ በእግሬ ገፍቼ የሰበርኋት። ሰው አየኝ ብዬ አፍሬ ነው።»

አምሳል ጭቃ የደረቀበት እጇን አየች።

«ለሷ ብዙ ደክሜያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ሰንበቴ ነው። ገበያ ወጥቼ ምን እንደምታደርጊ አላይሽም።»

ከዚያ የቀረውን ድስት መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች። የዓለምወርቅ አልተንቀሳቀሰችም። ሐረገወይን ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችው።

ሸክላቸውን አዝለው ከተማው ዳር ሲደርሱ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየወጡ መንገዱን ሞልተውታል። እናትየው ለልጇ ብላ ወደ ኋለኛው መንገድ ታጠፈች።

«እማዬ፣ በዚህ ይቀርበናል» አለች ሐረገወይን። ሰብለ ወንጌል ከተማሪዎቹ መካከል ቆማ ታያታለች።

ሸክሟን አስተካክላ ወደ እነሱ ሄደች።