ስም የሌላቸው ፎቶዎች

ሱቃችን ሲኤምሲ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ቀጥሎ ነው። ኮፒ እናነሳለን፣ ኮምፒውተር እንጠግናለን። በ2004 ዓ.ም. አካባቢው በየወሩ መልኩን ይለውጥ ስለነበር ሥራ ሞልቶን ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሁሉም ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጥቶ «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» ይላል። እኔ ሙያውን የለመድኩት አሮጌ ማሽን እየፈታሁ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ፍስሃ ግን ኮሌጅ የተማረ፣ እጁ ፈጣን ባለሙያ ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ደንበኛ ችግሩን መናገር ሲጀምር፣ ገና ሦስት ቃል ሳይሞላ «ገባኝ» ይላል። ይህ ልማድ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም በበሽተኛው፣ አባት በልጁ ላይ ያደርገዋል። እኔም አደርገው ነበር። ለዚህ ነው የሆነውን ለመጻፍ የተነሳሁት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አቶ ምልኬሳ የሚባሉ አዛውንት ሲፒዩ አቅፈው መጡ። ከቦሌ አራብሳ ወዲህ፣ ቀድሞ የእርሻ መንደር በነበረ ሰፈር ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። ሲፒዩውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ትናንት...»

«አልከፍት አለ አይደል? ገባኝ አባባ። ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው፣ እንደ አዲስ እንጭነዋለን።»

«ቆይ እስኪ። ከፊት ያለው ቀዳዳ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

«ይህቺ በፕላስተር የለጠፍኳት ደግሞ...»

«ችግር የለም አባባ። ከሰዓት ይምጡና ይውሰዱ።»

አቶ ምልኬሳ ሳቁ። «እኔ ገና ሰላምታ ላይ ነኝ፣ አንተ ሸኘኸኝ!»

እኔም ስቄ፣ ያተምኩትን የፈተና ወረቀት ለአንድ ትምህርት ቤት ላደርስ ወጣሁ። «እስኪ ይጨርሱ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ፍስሃ ላብ አጥምቆት ጠበቀኝ።

«ይሄ ማሽን ሰው ያሳብዳል ጋሼ። ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ሰካሁት፣ አያየውም። አጥፍቼ አበራሁት፣ አያየውም። ፍላሹ ሳይሞት አልቀረም። ስለዚህ በሌላ ፍላሽ እያዘጋጀሁ ነው።»

በሱቁ ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ የተላጠ ፕላስተር አየሁ።

«የቱ ፍላሽ ነው?»

«ሲፒዩው ላይ ተለጥፎ የነበረው። ትርፍ መስሎኝ።»

«ምን እንዳለበት አየህ?»

አላየም። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በዚህ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?» ብሎ ጠይቆታል። ፍስሃ ለእሱም የሰጠው መልስ ለአዛውንቱ የሰጠውን «ገባኝ» ነው። መስመሩ ሩብ እንኳ አልሞላም ነበር። ሥራውን አቋርጬ ፍላሹን ነቀልኩት።

አቶ ምልኬሳ ከሰዓት መጡ። ይህን ጊዜ ወንበር ሰጥተን፣ ያልተናገሩትን እንዲናገሩ ለመንናቸው።

የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ላይ መንገድ ሊያልፍ ነው። አፅሞቹ ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ሐውልት ያለው ሟች ጥቂት ነው፤ የቀረው ድንጋይ ተከምሮበት የተቀበረ ገበሬ ነው። አቶ ምልኬሳ ያሉበት የሰፈሩ ኮሚቴ በዘጠና አራቱ መቃብሮች ላይ ቁጥር የተጻፈበት ችንካር ተከለ፤ እያንዳንዱን ፎቶ አነሳ፤ ለእያንዳንዱም ፎቶ የሟቹን ስም ሰጠው። ይህ ሁሉ ያለው በዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦታው ተጠርጎ ድንጋዩ ሁሉ ተነሥቷል። የቀረው ችንካሩ ብቻ ነው።

«ወረቀት ላይ አልጻፋችሁትም?» አልኩ።

«ኮምፒውተር እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ብለን» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ዓርብ ዝርዝሩን እናስረክባለን። ስሙ ያልታወቀ ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይገባል። አንተ ልጅ፣ ማተም ያለብህ እዚህች ላይ ያለውን ነው ልልህ ነበር። ከፊት ያለው ቀዳዳ ላልቷል፣ በኋላው ሰካ ልልህ ነበር።»

ፍስሃ ሞተ ያለውን የሱቁን ፍላሽ አንስቶ ከሲፒዩው በስተኋላ ሰካው። ወዲያው ተነበበ።

በአዛውንቱ ፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ከፍተን እስከ ማታ ጠበቅን። በፍላሹ መጀመሪያ ላይ የነበረው መዝሙር ጠፍቶ ቀረ፤ ፎቶዎቹ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘጠና አራቱም ተመለሱ። የተመለሱት ግን ያለ ስማቸው ነው። ፕሮግራሙ በስሙ ፈንታ ቁጥር ደርድሮባቸዋል። ዘጠና አራት የድንጋይ ክምር፣ ማን እንደሆነ የማይናገር።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ምልኬሳና ፍስሃ አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ።

«ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ አባባ፣ ቶሎ እንድንጨርስ።»

«ስሙ ብቻውን አይመጣልኝም። ከነሰውየው ነው የሚመጣው።»

እናም እንደዚያው ሆነ። «ይህ ዱቤ ነው። በሬው የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ይህቺ ሸዋዬ ናት። ሠርግ ቤት ከገባች ሙሽራዋን የሚያይ የለም ነበር። ይህ ጋዲሳ ነው፤ ከእኔ ጋር በድንበር ተጣልተን፣ ሳንታረቅ ሞተብኝ። ጻፈው፣ ጻፈው።» ፍስሃ ይጽፋል። መጀመሪያ እግሩን ያወዛውዝ ነበር። ከሰዓት ላይ ግን «ከዚያስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት።

ዘጠና አንዱ ስማቸውን አገኙ። በምሥራቁ ጥግ ጎን ለጎን ያሉት ሦስቱ ላይ ግን አቶ ምልኬሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱ ሟቾች እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም። የሁለቱ ቤተሰቦች አገር ለቀው ሄደዋል። የሦስተኛው እናት ወይዘሮ ሰኚ ግን እዚያው ሰፈር አሉ። ሐሙስ በሰው እጅ ተመርተው ሱቃችን መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«እኔ በእጄ ነበር የማውቀው» አሉ። «ራስጌው ላይ ሸካራ ድንጋይ አለ። እሱን ዳስሼ ነው አጠገቡ የምቀመጠው። አሁን ድንጋዩ የለም ይሉኛል።»

ፍስሃ ተነሥቶ ፊታቸው ቆመ። «እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባባ ሊነግሩኝ ሲሉ አልሰማሁም። የልጅዎ ስም እጄ ላይ ነው የጠፋው።»

ወይዘሮ ሰኚ ወደ ድምፁ ዞሩ። ይቆጡታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ልጄን ከማያውቁት ጋር ጉድጓድ እንዳትከቱብኝ። ሦስቱን በአንድ ሣጥን አድርጉልኝ። ጎረቤት ናቸው። እሱ ብቻውን መሆን አይወድም ነበር» አሉ።

ዓርብ ዝርዝሩ ተሰጠ። በሳምንቱ አፅሙ ሲዛወር ፍስሃ ሱቅ አልገባም፤ የዚያን ሣጥን አንድ ጫፍ ይዞ ሄዷል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር አለ። ፍላሽ አልነበብ ካለ በሌላው ቀዳዳ እንሞክረው፣ በሌላ ማሽን እንሞክረው፣ ከዚያ በኋላ ሞቷል እንበል። በሌላ ሰው ዕቃ ላይ «ይጥፋ» የሚለውን ከመጫናችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ውድ ነገር ያለን ሰዎች ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ አናስቀምጠው፤ ወረቀትም አይናቅ። ከሁሉ በፊት ግን የመጣው ሰው ተናግሮ ይጨርስ። አቶ ምልኬሳ የሚሉት ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ወይዘሮ ሰኚ አሁንም ወደ አዲሱ መቃብር ይሄዳሉ። ዳስሰው የሚለዩት የላቸውምና፣ የሦስቱንም ስም እየጠሩ ይጸልያሉ።