ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሽፋን

አዛውንቱ የሙዚቃ መምህር የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። አንገታቸው ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ የተጋመሰው ሻይ አጠገባቸው ቀዝቅዟል። ሸክላው አልቆ፣ መርፌው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ብቻውን ይዞራል። ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳቸው ሙዚቃ አብረው ሊሰሙ የመጡት ወዳጆቻቸው ያገኟቸው እንዲህ ሆነው ነው።

«መቼም እንደ አጎቴ ያማረ አሟሟት አላየሁም፣» አለ በሩ ተዘግቶባቸው ሲጠሩት መጥቶ በቁልፉ የከፈተላቸው የእህታቸው ልጅ።

አሟሟታቸው ግን ያማረ አልነበረም። የሆስፒታል ሐኪም ሬሳውን መርምሮ፣ ዓርብ ከሰዓት እንደሞቱ ተናገረ። መምህሩ በቀን አንድ እየቆጠሩ የሚውጡት የልብ ኪኒን ተፈጭቶ ሻዩ ውስጥ ተጨምሯል። ወጥ ቤት ያለው ብልቃጥም ባዶውን ተገኘ። ያን ጊዜ ነው መርማሪዋ የተጠራችው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ደረጃ ስትወጣ አትቸኩል፣ ሰው ስትጠይቅ አትቸኩል፤ አለቃዋ በእሷ ምክንያት ጸጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረውም። እሷ ግን የመምህሩ ክፍል መሃል ቆማ ሥራ የፈታች እስክትመስል ድረስ ዙሪያዋን አየች። ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። መምህሩ በሞቱበት ወንበር ጀርባ ላይ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሲዞር የነበረው ሸክላ ሽፋን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሸክላ ማጫወቻው ጎን አንድ አሮጌ ቴፕ ማጫወቻ አለ፤ የሁለቱም ሽቦ አንድ ድምፅ ማጉያ ላይ ተሰክቷል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሰዓት ሠሪውን ነው፤ ከቅዳሜው ማኅበርተኞች መካከል ከመምህሩ ጋር ሁልጊዜ የሚነታረከው እሱ ነው ተብሎ ተነግሯታል።

«ይሄ ከረጢት ምንድን ነው?»

«የጨዋታችን ዋና ዕቃ ነዋ። በየቅዳሜው ተራ አለን። ባለ ተራው የሚወደውን ሸክላ ያጫውታል፣ ሽፋኑን እዚህ ውስጥ ይደብቃል፣ ሌሎቻችን ማን እንደተጫወተው እንገምታለን። ግምቱ ሲያበቃ ሽፋኑ ይወጣና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እሱን እያየን ሻይ እንጠጣለን።»

«ብቻቸውን ሲሰሙስ?»

«ሽፋኑን ወዲያው መደርደሪያው ላይ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ዕቃ ከቦታው ሲርቅ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።»

«ትጣላላችሁ አሉ።»

«በየሳምንቱ። እሳቸው ሲምፎኒው ሲጋልብ ይወዳሉ፣ እኔ ሲያዘግም። ሰው በዚህ የሚገዳደል ቢሆን ኖሮ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ባልተረፈ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የዚህ ሳምንት ተራ የሳቸው ነበር። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አሰማችኋለሁ፣ ጉድ ትላላችሁ ብለው ሲስቁ ነበር።»

መደርደሪያውን እንዲያይላት ጠየቀችው። ጣቱን በሸክላዎቹ ጀርባ ላይ እየጎተተ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አዲሱ የለም። ባለፈው ወር ከአሮጌ ዕቃ ቤት የገዙት የፒያኖ ሶናታ። ስሟን የማናውቃት አንዲት ሴት ናት የተጫወተችው።»

የእህታቸው ልጅ ደግሞ አስቤዛ የሚያመላልስላቸው እሱ ነው። ለቅዳሜው ሙዚቃ ግን ወደዚያ ቤት ድርሽ አይልም። «ያ ሙዚቃ ጥርስ እንደማስነቀል ነው፣» አለ። «ሁሉንም ለሚፈልግ እሸጠዋለሁ።» ሐዘን የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም፤ ይህ ግን ወንጀል አይደለም።

የቀሩት ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪምና በክሊኒካቸው የምትሠራው ሴት ልጃቸው ናቸው። አባትየው የመምህሩ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው። ልጅቷ አባቷን ለማድረስ ትመጣለች እንጂ አትሰማም፤ እነሱ ሲገምቱ ወጥ ቤት ሆና ሻይ ታፈላለች።

«ያየሽው ቴፕ ማጫወቻ ለባለቤቴ የቴፕ ክር ነው፣» አሉ ሐኪሙ ለመርማሪዋ። «ነፍሷን ይማርና፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ፒያኖ ስትጫወት የተቀዳ ነው። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። መምህሩ ላጽዳልህ ብሎ ወስዶት ነበር፤ ዓርብ ዕለት ልጄ አመጣችልኝ።»

«በር ላይ ነው የሰጡኝ፣» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «አልገባሁም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ደስ አላላትም። የዚህ ነገር መጨረሻ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት ነበርና፣ በዚያች ቅጽበት ሥራዋን ጠላች።

በማግስቱ ሁሉንም በመምህሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እያንዳንዱ ሳያስበው የለመደው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ ቢቆዩ ይሻል ነበር፣» አለቻቸው ሐኪሙን።

«ወዳጄ ነው የሞተው። እሰማለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «መምህሩ ለተራቸው ቢዘጋጁ ኖሮ ሽፋኑ ከረጢት ውስጥ ይሆን ነበር። ብቻቸውን ቢሰሙ ኖሮ መደርደሪያው ላይ። ጠረጴዛ ላይ ነው ያገኘነው። ስለዚህ ሸክላውን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ሙዚቃ ሲሰሙ እንደሞቱ ለማስመሰል።»

«እኔን ማለትሽ ነው?» አለ የእህት ልጅ።

«አንተ ለቅዳሜው ጨዋታ መጥተህ አታውቅም። አንተ በምታውቀው ክፍል ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሰዓት ሠሪውና ጋሼ ደግሞ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እንዲህ አይሳሳቱም። ሽፋን ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ትክክል የሚመስለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግምቱ ካለቀ በኋላ ሻይ ይዞ ለሚገባ ሰው።»

ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። ልጅቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ኪኒኑ የተቀመጠው ወጥ ቤት ነው። መምህሩ ሻያቸውን ያለ ጥርጣሬ ከእጅሽ ይጠጣሉ። ከዚያ አንድ ሸክላ ጠፋ፣ አንድ የቴፕ ክር ወደ ጋሼ ተመለሰ። መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰክተው፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሊያሰሙ ነበር...»

«እኔ ነኝ፣» አለች ልጅቷ። «ገድያቸዋለሁ። ያመንኩት ይበቃል። ሌላውን አትናገሪ፣ በፈጠረሽ።»

መርማሪዋ ንግግሯን አቋረጠች። አለቃዋ ቢያያት ይሰድባት ነበር። ቀጥለው የተናገሩት ሐኪሙ ናቸው።

«በክሩ ምክንያት ነው?» አሉ።

«አባዬ፣ ተወው።»

«የእናትሽ አለመሆኑን ነው መምህሩ የደረሰበት?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ቀረበች። ከዚያ ቃሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። የምድር ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ እውነተኛው ክር በስብሶ ነበር። አባቷ ከእናቷ ቀብር ማግስት ጀምረው እሱን አምጪልኝ ይላሉ፤ ማዕድ አይቀርቡም። እናቷ ትጫወተው የነበረውን ሶናታ ከአንድ ሸክላ ላይ አስቀድታ ሰጠቻቸው። መምህሩ የዚያን ሸክላ ቅጂ አሮጌ ዕቃ ቤት አግኝተው አወቁባት። ተንበርክካ ለመነቻቸው። «በሙዚቃ አይዋሽም፣ ቅዳሜ ሁሉም ይሰማል አሉኝ። እየሳቁ፣ አባዬ። እንደ ጨዋታ።»

«እናትሽ የግራ እጇ ትንሿ ጣት አትታጠፍላትም ነበር፣» አሉ ሐኪሙ። «ሙዚቃው ዝቅ የሚልባት ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ክሩ ላይ ያለችው አትዘገይም። የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ለእኔ ብለሽ የደከምሽበትን እንዴት ላፍርስብሽ? ደግሞ ክሩ ሲዞር አጠገቤ ትቀመጪ ነበር። እኔ እሱን ነበር የምፈልገው።» ወደ መምህሩ ባዶ ወንበር ዞሩ። «ቅዳሜ ቢያጫውተው ኖሮ አውቃለሁ ብዬው ሻዬን እጠጣ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነበር።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አባቷን አየቻቸው። መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ደረጃውን አወረደቻት። ሌላ ጊዜ ነገር ሲፈታላት ቅልል ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ምነው ባልፈታሁት አለች።

ላይ ቤት የእህት ልጅ መደርደሪያዎቹን መቼ ማንሳት እንደሚችል ጠየቀ። ሰዓት ሠሪው የማጫወቻውን ክንድ ማረፊያው ላይ አሠረና ሽፋኑን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ። ሐኪሙ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራ የእኔ ነበር፣» አሉ።

ሰዓት ሠሪው ኮቱን ለበሰ። ወደ ቤታቸው የምታደርሳቸው ልጃቸው ስለነበረች፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው።