ቦይለሩ የሚጠጣው ውሃ

ትናንት ማታ ኦዴት እስከ ምልክቱ የሞላችው ውሃ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር።

ምድር ቤት ቆማ ከቦይለሩ ጎን ያለችውን የመስታወት ቱቦ በጣቷ መታ መታ አደረገቻት። የውሃው ልክ የሚታየው በእሷ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር በእሳት ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን ወደ ክፍሎቹ ይልካል፤ እንፋሎቱ ራዲያተር የሚባሉትን የብረት ማሞቂያዎች አሙቆ እንደገና ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ታዲያ የጎደለው የት ገባ?

በዚህ ቤት ደንብ አለ፤ ውሃ የጨመረ ሰው ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። ደንቡን ያወጡት አያቷ ፔፔ ኦሬል ናቸው። ቶሎ ቶሎ ከተጨመረ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ አዲስ ውሃ ደግሞ ብረት ይበላል ይላሉ። በጥር ወር ሁለት መስመር ብቻ ተሰምሯል፤ ሁለቱም የኦዴት። በዚህ አያያዙ ቦይለሩ ገና ድሮ በደረቀ ነበር። ሳያሰምር የሚሞላ ሰው አለ ማለት ነው።

ኦዴት አንድ ነገር ካልገባት ምግብም አይበላላት። በየክፍሉ እየዞረች የራዲያተሮቹን ሥር ዳሰሰች፤ ሁሉም ደረቅ ነው። ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ ግን ቀና ብላ ጣራውን አየች። የጎረቤት ጭስ ማውጫ ቀጭን ጭስ ያወጣል፤ የእነሱ ግን ወፍራም ነጭ እንፋሎት ይተፋል። ውሃው በእሳቱ በኩል እያመለጠ ነው። የተቀደደው የቦይለሩ ሆድ ነው።

እየሮጠች ወደ ምድር ቤት ስትመለስ ፔፔ በነጠላ ጫማ ቆመው የውሃውን መክፈቻ ይዘዋል።

«ቀደምሽኝ» አሉ።

ስንት ጊዜ እንደሚሞሉት ጠየቀቻቸው። በየቀኑ፣ እሷና እናቷ ሳይነሱ ነው አሏት። አዲስ ቦይለር የመግዛት አቅም የላቸውም፤ እናቷ ከሰማች ቤቱን ሸጣ አፓርታማ ትገባለች። ፔፔ ደግሞ የተወለዱት እዚሁ ዉንሶኬት ከተማ፣ እዚሁ ቤት፣ ከላይ ባለው ክፍል ነው።

ኦዴትም ቤቱን ትወደዋለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ብትሞላላቸውስ? ማን ያውቃል? ይህን ልትል አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

«ባለፈው ሳምንት ረሳሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስመጣ መስታወቷ ባዶ ናት፣ እሳቱ ይነዳል። ውሃ ሲያልቅ እሳቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያም እንደኔ አርጅቷል።»

ኦዴት መክፈቻውን አየች። በጋለ ባዶ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ብረቱ ሊፈነዳ እንደሚችል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ከፈቱት?»

«እጄ መክፈቻው ላይ ነበር፤ ግን አልከፈትኩትም። ምን እንዳስታወሰኝ እንጃ፣ የኔ ልጅ።»

ከላይ እናቷ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊያመልጣት መሆኑን ጮኻ ነገረቻት። ኦዴት ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ፔፔ በዓይናቸው ለመኗት። ፈራች፤ ለቤቱም ፈራች፣ ለእሳቸውም ፈራች።

«እማዬ፣ አንዴ ወደዚህ ውረጂ» አለች።

ከዚያ የአያቷን እጅ ከመክፈቻው ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እርስዎ ይንገሯት» አለቻቸው። «እኔ አጠገብዎ ነኝ።»

ደረጃው ላይ የእናቷ ኮቴ ተሰማ። ፔፔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።